የክትትል ካርዳችን ዓይን የለውም

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በቀደም ስለ ስኳር ሕመም ያወጣችሁትን ገጽ ልጄ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ዱሮ ጋዜጣ የማነበው ራሴ ነበርኩ፣ አሁን ማታ ሱቅ ዘግቼ ስገባ እሷ ናት የምታነብልኝ። ስለ ምግቡ አላችሁ፣ ስለ እግር ጉዞው አላችሁ፣ ስለ ለስላሳ መጠጡ አላችሁ፣ የእግር ቁስል እንኳ አልቀራችሁም። ጥሩ ነው። ገጹ አልቆ ወደ ስፖርቱ ስትገለብጥ ግን «ስለ ዓይንስ?» አልኳት። «ስለ ዓይን ምንም የለም አባዬ» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ መልስ ነው። እኔ እየተናገርኩ እሷ ትጽፋለች፤ ነገር ካበዛሁ ጥፋቱ የኔ ነው።

ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ማሽን ላይ ተቀምጫለሁ፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ሱሪ ማሳጠር፣ ጅልባብ፣ የሠርግ ሰሞን ደግሞ ሱፍ። ስኳር የተገኘብኝ በ2002 ዓ.ም. ነው። ውሃ ጥም፣ ሌሊት ሌሊት ሽንት፣ ክሳት። ሱሪዬን ሁለት ጊዜ ራሴ አጥብቤ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብዬ ዝም አልኩ፤ ሦስተኛ ላጠብብ ስል የልጆቼ እናት ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ስለካ 348። ኪኒን ተሰጠኝ፣ ካርድ ወጣልኝ፣ ክትትል ተጀመረ።

ክትትል ምን እንደሚመስል ስኳር ያለበት ሁሉ ያውቀዋል። በጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ በዚህ በደሴ ብርድ ጋቢህን ተከናንበህ ትሄዳለህ። ወረፋ። ጣትህን ትወጋለህ። «ስንት ገባ?» «168።» «ትንሽ ከፍ ብላለች፣ ጣፋጭ ቀንስ።» የመድኃኒት ወረቀት፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ደህና ዋል። ይህን የምለው ሐኪሞቹን ለማማት አይደለም፤ አንድ ሐኪም በአንድ ጠዋት ስንት ሰው እንደሚያይ ወረፋ ላይ ቁጭ ብዬ ቆጥሬአለሁ፣ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ከዚያ በላይ አላወራም። ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስመላለስ አንድም ቀን «ዓይንህን ታይተሃል ወይ?» ያለኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ለምን ብዬ እጠይቃለሁ? መርፌ ውስጥ ክር አስገባ ነበር እኮ! ለኔ የዓይን ምርመራ ማለት ያ ነበር፤ ክሩ ከገባ ዓይኔ ደህና ነው።

በኋላ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ወጣት ሐኪም ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። «ጋሼ፣ ከዓይን በስተውስጥ፣ ከጀርባው በኩል፣ ሬቲና የሚባል ስስ ነገር አለ፤ ብርሃኑን የሚቀበለው እሱ ነው» ሲለኝ «ገበር በለኝ» አልኩት። ሳቀ። ገበር ነው እኮ። ኮት ከላይ ሲታይ ድንቅ ይሆናል፣ ገበሩ ግን ብትንትን ብሎ ይገኛል፤ ባለቤቱ እጁን ኪሱ ውስጥ ሲከት ሳንቲሙ ወደ ታች እስኪወርድበት ድረስ አያውቅም። የኛም እንደዚያ ነው። በዚያ ገበር ላይ ከክር የቀጠኑ የደም ሥሮች አሉ። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ግድግዳቸውን ያሳሳዋል፣ ማፍሰስ ይጀምራሉ። አንዳንዱ ደግሞ ይደፈናል። የተደፈነበት ቦታ ደም ሲጠማው ዓይኑ ራሱ አዲስ የደም ሥር ያበቅላል፣ ይሄ የሚያድን ይመስላል፣ ግን ያበቀለው ሥር ልፍስፍስ ነው፣ በትንሹ ይበጠስና ዓይን ውስጥ ይደማል። ከዚያ ሲጠግግ ጠባሳው ሬቲናውን ይጎትተዋል፣ ከቦታው ይነቅለዋል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አያምም። አይቀላም፣ አያለቅስም፣ አያሳክክም። ብዙውን ጊዜ እይታም አይቀንስም። በተለይ ደህና የምናየው በመሃለኛዋ ነጥብ፣ ማኩላ በሚሏት፣ ስለሆነ እሷ እስክትነካ ድረስ ዳር ዳሩ ቢጎዳም ሰው አይነቃም። እኔ ክር እያስገባሁ ገበሩ ያልቅ ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያው ምልክት ጥቁር ክር በጥቁር ጨርቅ ላይ ነው። ጠፋብኝ። ዕድሜ ነው አልኩ፣ ሃምሳን ያለፈ ሰው ሁሉ የሚለውን። ከመንገድ ዳር መነጽር ገዛሁ፣ ለሁለት ወር ጥሩ ነበር። ከዚያ ብዥ አለብኝ፣ ሌላ ቁጥር ገዛሁ። ከዚያ ደግሞ የመጀመሪያው ይሻለኝ ጀመር! ልጆቹ ሳቁብኝ። ለካስ ስኳር ከፍና ዝቅ ሲል የዓይን ሌንስ ያብጣል፣ ይመለሳል፤ ዛሬ የተለካ መነጽር ስኳሩ ሲስተካከል አይሆንህም። መነጽር መለካት ያለበት ስኳሩ ረግቶ ጥቂት ሳምንት ከቆየ በኋላ ነው። ይህን ቢነግሩኝ የሁለት መነጽር ብር ይተርፈኝ ነበር፣ እሱስ ይሁን፣ ግን መነጽሩ ያዘናጋኝ ነገር ነው የሚቆጨኝ።

ሌላም ያዘናጋኝ ነገር አለ። የዓይን ሕክምና ዘመቻ መጣ ሲባል ሄጄ ነበር። እዚህ ወሎ ዓይን ሲባል ሁሉም የሚያስበው ሞራና ትራኮማ ነው፣ ያም ያለ ምክንያት አይደለም፣ ስንቱን ያሳወረው እሱ ነው። የመረመረችኝ ልጅ በባትሪ አየችና «ሞራ የለብህም አባባ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሞራ ሌንሱ ላይ ነው፣ ከፊት። የስኳሩ ጉዳት ከኋላ ነው። ሞራ የለም ማለት የኋላው ደህና ነው ማለት እንዳልሆነ ያወቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። (ስኳር ያለበት ሰው ሞራም ቶሎ እንደሚይዘው፣ ግላኮማ የሚሉት የዓይን ግፊት ሕመምም እንደሚበዛበት በዚያው ሰማሁ። ስኳር አንድ መንገድ አይበቃውም።)

ከዚያ 2014 መጣ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፣ ከአንድ ወር በላይ መድኃኒት የሚባል ነገር አልነበረም፣ ጤና ተቋማቱም ተዘርፈው ነበር። የዚያን ጊዜ ነገር ሁሉም ያውቀዋል፣ አልመለስበትም። ኢንሱሊን ላይ የነበሩ ሰዎች የሆኑትን ሳስብ እኔ ከኪኒን መቋረጤ እንደ ጸጋ ነው። ግን ስመለስ ስኳሬ 400ን አልፎ ነበር፣ ለመውረድም ወራት ፈጀ።

በ2015 ጥር ላይ አንድ ደንበኛዬ ሱሪ መለሰልኝ። ስፌቱ ጠሟል። በሠላሳ ዓመት እንደዚያ ያለ ነገር ተመልሶልኝ አያውቅም፣ አፈርኩ፣ ረዳቴን ተቆጣሁ። ልጁ «ጋሼ፣ ይሄን እርስዎ ነዎት የሰፉት» አለኝ ቀስ ብሎ። ጠመኔ አንስቼ በማስመሪያ መስመር አሰመርኩና በግራ ዓይኔ ብቻ አየሁት። ቀጥ ያለው መስመር መሃሉ ላይ ጎብጧል። በቀኝ አየሁት፣ ቀጥ ብሏል። ይሄ ማኩላዋ ውሃ ይዛ ማበጧ ነው። ያን ቀን ሄጄ ቢሆን ኖሮ የተለየ ደብዳቤ እጽፍላችሁ ነበር። አልሄድኩም። ሥራ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ቅርብ ነው፣ ደግሞም አንዱ ዘመድ ጥቁር አዝሙድ በማር ብሎኝ ነበር... በማር!

ሐምሌ ላይ ለሱብሂ ውዱእ እያደረግኩ ውሃው ውስጥ ጥቁር ክር የወደቀ መሰለኝ። በእጄ ላወጣው ሞከርኩ። ክሩ ከዓይኔ ጋር ይዞራል። እስኪነጋ ድረስ ቀለም ውሃ ውስጥ ሲበተን እንደሚመስለው ሆኖ ግራ ዓይኔን ሞላው። ጭስ፣ ከዚያ ጨለማ። ሕመም የለም። ምንም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው። ሪፈር ለአዲስ አበባ ተጻፈልኝ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ልጄ ትምህርቷን ጥላ ይዛኝ ሄደች፤ ለመኝታና ለትራንስፖርት ያወጣነው ከሕክምናው በልጧል። ግራው ዓይን ሬቲናው ተጎትቶ ስለነበር ዘግይቷል ተባልኩ። ዛሬ በእሱ የማየው ፊቴ ላይ የሚወዛወዝ እጅ ብቻ ነው። ቀኙም ተጀምሮ ነበር፤ እሱ ላይ ሌዘር ተሠራልኝ፣ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌም ወሰድኩ። መርፌ በዓይን ሲባል መጀመሪያ ጉልበቴ ከዳኝ፣ አልደብቅም። ግን ማደንዘዣ ጠብታ አለ፣ ነገሩ ከመፍራቱ ያነሰ ነው። ሌዘሩም አገጭህን መሣሪያው ላይ አሳርፈህ ብልጭ ብልጭ ሲልብህ ነው፣ ከሺህ በላይ ነጥብ በየቀጠሮው ተከፋፍሎ። ትንሽ ይጠዘጥዛል። ማታ ማታ ዳር ዳሩ እይታዬን ቀንሶታል፣ ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ ተሰናክያለሁ። ቀኝ ዓይኔ ግን አለ። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ በእሱ እየሠራሁ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ወሬ አለ፣ ሁለቱንም ቡና ላይ ሰምቻለሁ፣ ሁለቱም ሰው ያሳውራሉ።

አንደኛው «ሌዘር ዓይን ያጠፋል» የሚለው ነው። እገሌ ሌዘር ተሠርቶ ዓይኑ ጠፋ። እገሌ መቼ ሄደ? እንደኔ ከደማ በኋላ። ሌዘር የጠፋውን አይመልስም፣ የቀረውን ነው የሚይዘው። አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ጥናት ተደርጎ፣ እንደ ፈረንጆች በ1976 ውጤቱ ሲወጣ፣ ሌዘሩ በዚህ ሕመም ከባድ የእይታ ማጣትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ታይቷል። ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆነው! እኛ ጋ ገና ወሬ ላይ ነን።

ሁለተኛው «ኢንሱሊን ዓይን ያጠፋል»። ይሄኛው ይብሳል፣ ምክንያቱም ሰዎች መርፌውን እየፈሩ ዓመታት ይገፋሉ። ሰውየው ኢንሱሊን የሚጀምረው ኪኒኑ አልበቃ ሲለው ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ስኳሩ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ ዓይኑን ጨርሷል፤ ጥፋቱ ለመጨረሻው እንግዳ ይሰጠዋል። አንድ እውነት ግን አለበት፣ ሐኪሙ ራሱ ነው የነገረኝ። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የኖረ ስኳር ባንዴ ሲወርድ፣ ቀድሞ የተጎዳ ዓይን ለጥቂት ወራት ሊብስበት ይችላል። ለዚህ መፍትሔው ኢንሱሊኑን መተው ሳይሆን ከመጀመር በፊት ዓይንን መታየት ነው። በረጅሙ ጊዜ ስኳርን መቆጣጠር ዓይንን ያተርፋል፤ እንደ ፈረንጆች በ1993 የወጣው፣ ኢንሱሊን ብቻ በሚወስዱት በአንደኛው ዓይነት ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት፣ ገና ዓይናቸው ያልተነካው ስኳራቸውን ጠበቅ አድርገው ሲይዙ ጉዳቱ የመጀመሩ ዕድል በ76 በመቶ እንደሚቀንስ ነው ያሳየው። ልጄ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፣ አላመንኩም ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ። እንግሊዞች ምን እንዳደረጉ ልጄ በስልኳ ፈልጋ ነገረችኝ። ከ2003 ጀምሮ፣ እንደነሱ አቆጣጠር፣ ስኳር ያለበትን ዕድሜው 12 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሁሉ በየጊዜው እየጠሩ (እስከ 2023 ድረስ በየዓመቱ ነበር) የዓይኑን ውስጥ ፎቶ ያነሱታል። ታመምኩ ብሎ እስኪመጣ አይጠብቁም፣ ደብዳቤ ይልኩበታል። ከዚያ በ2010 ገደማ ሲታይ በእንግሊዝና በዌልስ ለሥራ በደረሰው ሕዝብ ዘንድ የዓይነ ስውርነት የመጀመሪያው መንስኤ ስኳር መሆኑ ቀረ፤ ቢያንስ ለሃምሳ ዓመት አንደኛ የነበረውን። እና ፎቶውን የሚያነሳው የዓይን ስፔሻሊስት አይደለም። የሠለጠነ ባለሙያ ያነሳዋል፣ የሚያነበው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። የዓይን ስፔሻሊስት በየጤና ጣቢያው ይቀመጥልን እያልኩ አይደለም፣ ከየት ይመጣል። ካሜራ ግን ስፔሻሊስት አይደለም፣ ይገዛል።

እሱም እስኪመጣ ድረስ የምለምነው ከካሜራም የቀለለ ነው። የክትትል ካርዱ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ «ዓይን የታየበት ቀን»። ይኸው ነው። መስመሩ ባዶ ሆኖ ያገኘው ነርስ ወይም ሐኪም «ሂድ ታይተህ ና» ይለዋል፣ ሁለት ሰከንድ ነው። ክብደት የሚጻፍበት አለ፣ ግፊት የሚጻፍበት አለ፣ ዓይን የለም። ካርዱ ላይ የሌለ ነገር ደግሞ ሐኪሙም ሕመምተኛውም አያስታውሱትም፤ እኔ የልብስ ልክ ስወስድ ደብተሬ ላይ የክንድ መስመር ባይኖር ኖሮ ስንቱን እጅጌ አሳጥሬ እልከው ነበር።

መቼ መታየት እንዳለበት ደግሞ እናንተ በጋዜጣው ጻፉት፣ ከኔ ይልቅ እናንተን ያምናሉ። ሁለተኛው ዓይነት፣ እንደኔ በጉልምስና የሚመጣው፣ ስኳር እንዳለበት በታወቀበት ሰሞን ነው፤ ሳይታወቅ ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል የዓይኑ ጉዳት ቀድሞ ተጀምሮ ሊገኝ ይችላል። በልጅነት የሚመጣው የመጀመሪያው ዓይነት ደግሞ በተገኘ በአምስት ዓመት ውስጥ። ከዚያ ሁለቱም በየዓመቱ፣ ጉዳት ከተገኘ ሐኪሙ በሚለው መጠን ቶሎ ቶሎ። ስኳር ኖሮባት ያረገዘች ሴት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ትታይ፣ እርግዝና ያባብሰዋል። ምርመራው ጠብታ ነው፤ ብሌንህን ያሰፋዋል፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ትጠብቃለህ፣ በብርሃን ያዩሃል፣ አለቀ። ለጥቂት ሰዓት ብዥ ይላል፣ ፀሐይ ይወጋል። ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የባጃጅና የታክሲ ሾፌሮች፣ በዚያን ቀን መሪ አትያዙ፣ የሐረጎን ቁልቁለት በዚያ ዓይን ለመውረድ የሚያስብ ካለ እኔ ከመኪናው ወርጄ በእግሬ ኮምቦልቻ እገባለሁ።

የጤና መድህን ደብተር ያላችሁ ሪፈሩን በወጉ፣ ከጤና ጣቢያው ጀምራችሁ አስጽፉ፤ ዘላችሁ ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ግፊታችሁንም አስለኩ፣ ግፊትና ስኳር ዓይን ላይ አብረው ነው የሚሠሩት። ሽንታችሁንም፣ ዓይኑን የነካው ብዙ ጊዜ ኩላሊቱንም ነክቶ ይገኛል። ድንገት ጥቁር ነጥብ ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከበዛባችሁ፣ ብልጭታ ካያችሁ፣ መጋረጃ እንደወረደ ከሆነባችሁ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያኑ ቀን ሂዱ። እኔ የጠበቅኳት ቀጠሮ አሥራ ሦስት ቀን ነበር የቀራት።

በየዓመቱ ህዳር ላይ የዓለም የስኳር ቀን ሲከበር ስኳር የሚለኩልን ሰዎች ይመጣሉ፣ ይባርካቸው። ዘንድሮ ከመጡ ከመለኪያው ጎን አንድ ጠረጴዛ ያስቀምጡና «ዓይንዎን የታዩት መቼ ነው?» ብቻ ብለው ይጠይቁ። መልሱን እኔ አሁኑኑ ልነግራቸው እችላለሁ። ሰሞኑን ሱቄ የመጡ፣ ስኳር ያለባቸው ደንበኞቼን እየጠየቅኩ ነበር፤ አንዷ ሴትዮ «ዓይኔማ ደህና ነው፣ አየሃለሁ አይደል?» አለችኝ። ክር አንስቼ መርፌ ላሳያት አሰብኩና ተውኩት።

ደብዳቤውን ካወጣችሁት ስሜን አታውጡ። ደንበኞቼ «ዓይኑ ጠፍቷል» ብለው ጨርቃቸውን ወደ ሌላ ሰፊ ይወስዱብኛል። ቀኜ ደህና ነው፣ ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ረዳቴ ይሰፋል፣ የቀረውን እኔ። መስከረም ላይ የዩኒፎርም ሥራ ነበረኝ፣ አንዱም አልተመለሰ።

አንድ ልብስ ሰፊ
ከደሴ